የተማሪ ትጋትና ጽናት፤ ከአንኮበር የአብነት ትምህርት ቤት እስከ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ

ስለ ተማሪ ትጋት፣ ጽናትና የመማር ፍላጎት በመጠይቅና በቍጥር የሚደረገው የሥነ ልቡና ምርምር በኢትዮጵያ የቅርብ ጊዜ ሙያ ነው። ጥያቄው ግን በሸዋ ምድር የቆየ ነው። አንድ ወጣት ከወላጆቹ ተለይቶ፣ በብርድና በረኀብ መካከል ትምህርቱን ሳያቋርጥ ለዓመታት የሚዘልቀው በምን ኃይል ነው?

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን በገዙበት ዘመን፣ ማለት እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ድረስ፣ አንኮበር መናገሻ ነበረች። በአብያተ ክርስቲያናቷ ዙሪያ፣ እንደ ሌላው የሀገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ትምህርት የሚገኘው ከቤተ ክህነት ነበር። ተማሪው ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጻሕፍት ቤት ይሻገራል። ደበሎ ለብሶና አኮፋዳ አንግቶ የዕለት ጉርሱን ከየደጃፉ ይለምናል። ስለዚህም የቆሎ ተማሪ ስም ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወደሰው የግል ጀግንነቱ ነው።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱን በጥሞና ለመረመረው ተማሪው ብቻውን እንዳልነበረ ይታያል። ቀድሞ የገባው ኋላ የመጣውን ያስቀጽላል። የቅኔ ተማሪ ቀን ሲቈጥር የዋለውን ለመምህሩ ነግሮ ሳይውል ሳያድር ይታረማል። ሕዝቡ ተማሪን መመገብ ጽድቅ ነው ብሎ ስለሚያምን ልመናው ውርደት አልነበረም። የድካሙም ፍጻሜ በዓይን ይታያል፤ መሪጌታውና አለቃው በመንደሩ የተከበሩ ናቸው። ስለዚህ ጽናት የልብ ብቻ ሳይሆን የሥርዓትም ፍሬ ነበር ለማለት ይቻላል። ግን ይህ ሥርዓት ሴቶች ልጆችን በአብዛኛው ያገለለ፣ በግርፋትም የሚያምን ነበር። አንድ ሊቅ እስኪወጣ ድረስ ስንቶች በበሽታና በችጋር ከመንገድ እንደቀሩ የቈጠረ የለም። ታሪክ የሚያወሳው የዘለቁትን ብቻ ነው።

ዘመናዊው ምርምር በዚህ አካባቢ የጀመረው ከአንኮበር በስተ ሰሜን በመንዝ ነው። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ገበሬዎች መካከል ተቀምጦ አጠና፤ የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ተማሪዎችንም በመጠይቅ መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ ገበሬውንና ተማሪውን በአንድነት አቀረበ። የኅብረት ሥራን ያሰናክላል ያለውንም ግለኝነት ከአማራው ባሕል አንዱ ጠባይ አድርጎ ቈጠረው። ከላይ የተገለጸው የተማሪዎች መረዳዳት ግን ለዚህ አስተያየት እርማት የሚሆን ይመስላል።

በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ። አብዛኞቹም በመምህርነት ተሰማሩ። ዴቪድ ኮርተንና ባለቤቱ ፍራንሲስ ኮርተን ይህ አገልግሎት በተካፋዮቹ አስተሳሰብ ላይ ያሳደረውን ለውጥ መረመሩ፤ መጽሐፋቸውም እ.ኤ.አ. በ1972 ወጣ። በኢትዮጵያ ውስጥ የተማሪን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የገጠመውንም ሁኔታ ከመረመሩት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

በዚያው ዘመን በውጭ ሀገር ኤሚ ወርነር ሌላ መንገድ ይዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 በሀዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በካዋይ የተወለዱትን 698 ሕፃናት ከባልደረቦቿ ጋር እስከ ጎልማሳነታቸው ተከታተለች። ለብዙ ችግር ከተጋለጡት መካከል ሲሶ ያህሉ ብቁ ሰዎች ሆነው አደጉ። ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ከወላጅ ሌላ የሚተማመኑበት ሰው፣ አያት ወይም መምህር፣ ማግኘታቸው ነበር። የዚህ ጥናት ታላቅ ብልጫ የተሳካላቸውን ብቻ ሳይሆን የወደቁትንም ከመጀመሪያው በመዝገብ መያዙ ነው።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ የቆሎ ተማሪው ጥያቄ በአዲስ መልክ ተመልሷል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ደብረ ብርሃን የብዙ ሺህ ተፈናቃዮች መጠጊያ ሆነች። በዚያው የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና በሀገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዝቅተኛ ውጤት ካገኙትም ብዙዎቹ በማካካሻ ትምህርት ወደየዩኒቨርሲቲው ገቡ። እንዲህ ያለውን ተማሪ «ፍላጎት የለውም» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ከየትኛው ትምህርት ቤት፣ በየትኛው ዘመን እንደመጣ መጠየቅ ግን የባለሙያ ተግባር ነው።

ለመለካቱ መሣሪያ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሻውፌሊና ባልደረቦቹ የተማሪን ትጋት በብርታት፣ ራስን በመስጠትና በመመሰጥ ከፍለው ለኩት፤ በተከታዩም ዓመት ኮነርና ዴቪድሰን የጽናት መለኪያ አወጡ። መጠይቁ የሚታደለው ግን በክፍል ውስጥ ለተገኘው ተማሪ ነው። አቋርጦ የሄደው፣ መንገድ የተዘጋበት፣ ስንቅ ያለቀበት አይጠየቅም። እንዲህ ያለው ጥናት ውጤቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ የዘለቁትን ብቻ የሚያወድሰውን ጥንታዊ ትረካ በቍጥር ከመድገም አያልፍም።

ስለዚህ የተማሪን ጽናት ለማወቅ የሚሻ ተመራማሪ መዝገቡን ተማሪው ከገባበት ዕለት ጀምሮ ሊከፍት፣ የወጣውንም ተከትሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ቀጥሎም ለተማሪው የሚያስቀጽለው ጓደኛ፣ በጊዜው የሚያርመው መምህር፣ የሚያጎርሰው ማኅበረሰብና በዓይን የሚታይ ተስፋ እንዳለው ይመርምር። እነዚህ በሌሉበት ጽናትን ከተማሪው ብቻ መጠበቅ፣ አኮፋዳውን ቀምቶ እንደ ቆሎ ተማሪ ጽና እንደ ማለት ነው።