ከግቢ ወደ ሰፈር፦ የአዲስ አበባ ጠጅ ቤቶች ታሪክ

በአዲስ አበባ ጠጅ ቤት የሚባለው ከማር የተጣለ ጠጅ በብርሌ እየተቀዳ በርካሽ ዋጋ የሚሸጥበት መሸታ ቤት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ በጭቃ ተመርጎ ቆርቆሮ በለበሰ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቲቱ ጠጁን የምትጥለው በዚያው ቤት ጓዳ ነው፤ ብዙ ጊዜም የምትኖረው እዚያው ነው። ቢራና ውስኪ ከሚሸጥበት ቡና ቤትም ሆነ ከግሮሰሪ የሚለየው በዚህ ነው፤ በጠጅ ቤት መጠጡ ከፋብሪካ አይመጣም፣ ቤቱም ለንግድ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ይህ ዓይነቱ ቤት በከተማዋ እምብርት፣ በአራዳ፣ በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስና በልደታ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሊቆይ የቻለበት ምክንያት ከመጠጡ ይልቅ ከቤቱና ከኪራዩ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

ጠጅ ወደ ተራው ሰው ብርሌ ከመድረሱ በፊት ለብዙ ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ አፄ ልብነ ድንግል ዘንድ የመጣው የፖርቹጋል መልእክተኛ ጓድ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በንጉሡ ሰፈር ስለሚጠጣው የማር ጠጅ ደጋግሞ ጽፏል። ማር ለመንግሥት ከሚገባው ግብር አንዱ ስለነበር ማር አምራች አገሮች በገንቦ በገንቦ እየለኩ ያስገቡ ነበር። በጦር ዘመቻ ጊዜ እንኳ የጠጅ ገንቦ በጀርባቸው የሚሸከሙ ሴቶች ከሠራዊቱ ጋር ይጓዙ ነበር።

በቤተ መንግሥቱ ሥርዓት ጠጅ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ እንጀራ ቤትና ወጥ ቤት የተለያዩ የሥራ ክፍሎች ነበሩ። ሁሉም የየራሳቸው አዛዥ ነበራቸው። በጠጅ ቤት ከማሩ መረከብ እስከ ጠጁ መቀዳት ያለውን ሥራ ጠጅ ጣዮችና አሳላፊዎች ይሠሩ ነበር። አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መጠጡ መርዝ እንደሌለበት ማረጋገጫው ይህ ነበር። ግብር ሲበላም ጠጁ እንደ እንግዳው ማዕረግ ይከፋፈላል፦ የጠራውና የቆየው ለመኳንንቱ፣ ቀለል ያለው ለወታደሩ ይደርሳል። ዕቃውም እንዲሁ ይለያያል። ዋንጫ ከቀንድ እዚሁ የሚሠራ ሲሆን የመስታወት ብርሌ ግን ከውጭ የሚገባ ውድ ዕቃ ስለነበር በመኳንንቱ እጅ ይታይ ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ይህ ሥርዓት ከእንጦጦ አብሮ ወረደ። ከተማዋ መጀመሪያ ላይ ከከተማ ይልቅ የጦር ሰፈር ትመስል ነበር። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ መኳንንቱ በተሰጣቸው ቦታ ላይ ሰፈሩ፤ በእያንዳንዱ መኳንንት ግቢ ዙሪያም ወታደሩ፣ አሽከሩና ባለሙያው ጎጆ ቀለሰ። ከአድዋ ድል (1888 ዓ.ም.) በኋላ የተሠራው የአፄ ምኒልክ አዳራሽ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በየተራ የሚጋበዝበት ስለነበር ከየአገሩ የመጣው ወታደር የጠጅን ጣዕም በደንብ ለመደ። ይሁን እንጂ ግብር በየቀኑ አይበላም። ግብር በሌለበት ቀን ወታደሩ፣ ባለጉዳዩና ነጋዴው ከኪሱ አውጥቶ የሚጠጣበት ቤት ያስፈልገው ነበር።

ይህን ክፍተት የሞሉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ባሏ የሞተባት፣ የፈታች ወይም ከገጠር ብቻዋን የመጣች ሴት በከተማዋ ልትይዘው የምትችለው ሥራ ጥቂት ነበር። ጠላ መጥመቅና ጠጅ መጣል ግን ከቤቷ ይዛው የመጣችው ሙያ ነው። ለመጀመርም ገንቦ፣ ጌሾ፣ ጥቂት ማርና አንድ ክፍል ቤት ይበቃል። ከእነዚህ ሴቶች መካከል በጠጃቸው ጥራትና በጨዋታቸው ስም ያወጡት ኮማሪት ተብለው በየሰፈሩ ይታወቁ ነበር። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ከሁሉ የበለጠ ደንበኛ የሚገኝበት ቦታ በመሆኑ ጠጅ ቤቶችም በዙሪያው በሚገኙት ሰፈሮች በዙ።

ቤቱን ርካሽ ያደረጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ከውጭ ገብቶ በፍጥነት የተስፋፋው ይህ ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ እጦት ከማዳኑም በላይ ለግድግዳና ለጣሪያ ቀጥ ያለ እንጨት በቅርብ እንዲገኝ አስቻለ። ሁለተኛው የጅቡቲ ባቡር ሲሆን፣ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ ማጓጓዣ ቀለለለት። ቆርቆሮም ቀስ በቀስ የሣር ክዳንን ተካ። በባሕር ዛፍ ማገር ላይ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ተመርጎ ቆርቆሮ የሚለብሰው ቤት ከዚያ በኋላ የከተማዋ የተለመደ መኖሪያም የተለመደ ጠጅ ቤትም ሆነ።

የጠጅ አጣጣሉ በየቤቱ ጥቂት ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። ገንቦው ወይም ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። አንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ ውሃ ጋር ተበጥብጦ ይከደናል። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ሰፈፉ ወደ ላይ ሲወጣ ይገፈፋል፤ ከዚያ የጌሾው ቅጠልና እንጨት ይጨመራል። ጌሾው መራራነቱን ይሰጠዋል፣ መፍላቱንም ያግዛል። አየሩ ሞቃት ከሆነ በአምስት ቀን ገደማ ይደርሳል፤ በብርድ ጊዜ ግን አሥራ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በመጨረሻ በጨርቅ ተጠልሎ ይቀዳል። ገና ሳይፈላ የሚጠጣው ብርዝ አልኮል የሌለው በመሆኑ ሕፃናትና መጠጥ የማይቀምሱ ሰዎች ይጠጡታል። እየቆየ ሲሄድ ግን ጣፋጭነቱ እየቀነሰ፣ ኃይሉ እየጨመረ ደረቅ ይሆናል። ለዚህም ነው ደንበኛ ገብቶ ሲቀመጥ ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይም ደረቅ ብሎ የሚያዘው።

በቤቱ ውስጥ የሚታየው ዕቃ ጥቂት ነው። ግድግዳውን ተከትሎ የተዘረጋ አግዳሚ፣ ከፊት ለፊቱ ረጅም ጠባብ ጠረጴዛ፣ በበዓል ቀን ወለሉ ላይ የሚጎዘጎዝ ቄጠማ፣ ጓዳውን የሚለይ መጋረጃ። ጠጁ ከጓዳው በማንቆርቆሪያ እየመጣ በየሰዉ ብርሌ ይቀዳል። ብርሌው ከታች ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ጠጪው አንገቱን በሁለት ጣቶቹ መካከል አስገብቶ ይይዘዋል፤ ዝንብ እንዳይገባበት አፉን በአውራ ጣቱ ወይም በወረቀት ይከድናል። አግዳሚው የጋራ በመሆኑ አዲስ ገቢ ነባሮቹን አስጠግቶ ይቀመጣል። ቀን ሠራተኛ፣ ጡረተኛ፣ ደላላ፣ የመንግሥት ጸሐፊና ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ምክንያትም ይኸው ነው። የቤቱ ሙቀት የሚመጣው ከዚህ መጠጋጋት ነው፤ ብቻውን የገባ ሰው ከጨዋታ ውጭ ሆኖ መቆየት ይከብደዋል።

ከጠጅ ቤት በዋጋ ዝቅ ያሉት ጠላ ቤትና አረቄ ቤት ናቸው። ጠላ ከገብስ ወይም ከሌላ እህል፣ ከብቅልና ከጌሾ ይጠመቃል። ብዙ ጊዜ ጠላ ቤቱ የሚታወቀው በበሩ ላይ በእንጨት ጫፍ በተደፋ ጣሳ ነው። ካቲካላ የሚባለው አረቄ ደግሞ በመለኪያ ይሸጣል። ሦስቱ ቤቶች አንድ መንደር ውስጥ መገኘታቸው የተለመደ ነበር። ገንዘብ ያለው ቀን ከጠጅ ቤት የሚቀመጠው ሰው ወር ሲጋመስ ወደ ጠላ ቤት ይወርዳል።

የጠጅ ቤት ሌላው መለያ አዝማሪው ነው። መሲንቆውን ይዞ ከቤት ቤት እየዞረ በቅኔ ተቀማጩን ያወድሳል፣ ይሸነቁጣል፤ ከደንበኛው አፍ የወጣውን ስንኝም ተቀብሎ ያዜማል። ሰምና ወርቅ ባለው ግጥም የወቅቱን ወሬና የሹማምንቱን ነገር በስውር ማንሳት ስለሚችል አዝማሪ በገዢዎች ዘንድ የሚፈራበት ጊዜ ነበር። ይህ በግልጽ የታየው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ፣ በመጋቢት፣ የጣሊያን እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ እየዞሩ የሚዘፍኑና ወሬ የሚነግሩ ሰዎች፣ ጠንቋዮችና ሟርተኞች አገዛዙ ይወድቃል እያሉ ሕዝቡን ያነሳሳሉ በማለት ተይዘው እንዲገደሉ አዘዘ። ብዙ አዝማሪዎች በዚህ ትእዛዝ ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ወረራው የከተማዋንም ገጽ ለወጠ። ጣሊያኖች የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው መርካቶን ሲያቋቁሙ የቀድሞው ገበያ አካባቢ ፒያሳ ሆነ። ቡና በማሽን፣ መጠጥ በጠርሙስ የሚሸጥበት ባንኮኒ ያለው ቡና ቤትም ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ጠጅ ቤትና ቡና ቤት እየተጎራበቱ ኖሩ። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው ከፒያሳ ብዙም የማይርቀው ውቤ በረሃ ነው፤ ስሙን ያገኘው በዚያ ግቢ ከነበራቸው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው። የጠጁ፣ የአዝማሪውና የሌሊቱ ጨዋታ መንደር ሆኖ እስከ አብዮቱ ዋዜማ ቆይቷል። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ልብ ወለድ «ሌቱም አይነጋልኝ» መቼቱን ያደረገው በዚህ ዓለም ላይ ነው።

በዚያው ዘመን ጠጅ ሁለት ተፎካካሪዎች ገጠሙት። የመጀመሪያው ቢራ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ቢሆንም ቢራ የተራው ደሞዝተኛ መጠጥ የሆነው ከነፃነት በኋላ ነው። ሁለተኛው ስኳር ነው። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት ሲጀምር ስኳር በአገር ውስጥ በብዛት መገኘት ቻለ። ማር በተወደደ ቁጥር አንዳንድ ቤቶች ማሩን በስኳር መደባለቅ፣ ቢጫውን መልክ ደግሞ በቀለም ማምጣት ለመዱ። ይህም ዋጋው ባለበት እንዲቆይ ረድቷል፤ ነገር ግን ንጹሕ የማር ጠጅ የሚሸጥ ቤት እየታወቀ፣ እየተመረጠ የሚኬድበት ሆነ።

በ1966 ዓ.ም. የመጣው አብዮት ጠጅ ቤቱን በአንድ በኩል ጎዳው፣ በሌላ በኩል አቆየው። የጎዳው ሰዓት እላፊው ነው። ምሽት ላይ መንገድ ስለሚዘጋ የሌሊቱ ሥራ ቀረ፤ አዝማሪውም ገበያው ቀዘቀዘ። ጠጅ ቤት ግን ከቀትር በኋላ የሚሞላ ቤት በመሆኑ እንደ ቡና ቤቱ አልተዳከመም። ያቆየው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ነው። አዋጁ የሚከራዩ ቤቶችን ወርሶ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ለቀበሌ አስተዳደር ሰጠ፤ የአነስተኛ ቤቶችንም ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርት ዓመታት በነበረበት ቆየ። በመሀል ከተማ፣ በጣም ውድ በሆነ መሬት ላይ፣ ለስም ያህል ኪራይ እየከፈለች የምትኖር ባለቤት ጠጇን በርካሽ መሸጥ የምትችለው ለዚህ ነበር። ቤቱን ለማደስ ግን አቅሙም ፈቃዱም ስላልነበረ አሮጌው መልክ ሳይለወጥ ቀረ።

ከግንቦት 1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ሌሊቱ እንደገና ሲከፈት የአዝማሪ ቤቶች በተለይ በካዛንቺስ አንሰራሩ። ከእነዚህ መካከል ፈንዲቃ በዳንሱና በሙዚቃው ከአገር ውጭም ታወቀ። ቢሆንም እነዚህ ቤቶች በአብዛኛው ቢራ ይሸጡ ስለነበር የጠጅ ቤቱን ጨዋታ እንጂ ዋጋውን አልወረሱም። የርካሽ መጠጥ ገበያውንም ድራፍት በጃንቦ የሚቀዳባቸው ቤቶች ተሻሙት። ጠጅ በበኩሉ ወደ ባህል ምግብ ቤቶች ገብቶ ከምሽት ትርዒት ጋር በውድ ዋጋ የሚቀርብ የእንግዳ መጠጥ ሆነ።

የመጨረሻው ለውጥ ከመልሶ ማልማት የመጣ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የልደታና የአራት ኪሎ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ በፒያሳ ዶሮ ማነቂያና አጎራባቾቹ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ተነሱ፤ ፈንዲቃም ከነበረበት ቦታ ለቀቀ። የቀበሌ ቤት ተከራዮች በከተማዋ ዳርቻ ወደሚገኙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲዛወሩ ሙያው አብሯቸው ሊሄድ ይችላል፤ ሆኖም ፎቅ ላይ ባለ አንድ ክፍል ጋን ተክሎ፣ ወይራ አጭሶ፣ አግዳሚ ዘርግቶ መሸጥ አይቻልም። በአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት የሚጠየቀውም ኪራይ በብርሌ ከሚገኘው ትርፍ በላይ ነው።

ስለዚህ ጠጅ ዛሬም ይጣላል፣ ይሸጣል፣ ይጠጣል። ለሠርግና ለበዓል በየቤቱ ይዘጋጃል፣ በጠርሙስ ታሽጎ ለገበያ ይቀርባል፣ በከተማዋ ዳርቻና በክፍለ አገር ከተሞችም ጠጅ ቤቶች ሥራቸውን ቀጥለዋል። በአዲስ አበባ እምብርት እየጠፋ ያለው መጠጡ ሳይሆን በትንሽ ኪራይ ላይ ቆሞ ለትንሽ ገንዘብ የሚያስተናግደው ቤት ነው።