የሰውን ጠባይ ለመመርመር የሚያገለግሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አጭር ታሪክ

አሳብ በሚዛን አይመዘንም፤ በክንድም አይለካም። ነገር ግን አሳብ ጊዜ ይፈጃል፤ ጊዜ ደግሞ ይለካል። በዚህ አጭር ጥናት የሥነ ልቡና መመርመሪያ መሣሪያ ከሰዓት ወደ ኮምፒዩተር ፕሮግራም እንዴት እንደ ደረሰና ይህ ታሪክ ለአገራችን ልጆች ምን ጥቅም እንዳለው ለማስረዳት እንሞክራለን።

እ.ኤ.አ. በ1868 የሆላንዱ ሐኪም ዶንደርስ ለአንድ ምልክት ብቻ መልስ ለመስጠት የሚፈጀውን ጊዜ፣ ከብዙ ምልክቶች መርጦ ለመመለስ ከሚፈጀው ጊዜ ላይ ቀነሰ። ትርፉ አእምሮ ለመምረጥ የወሰደው ጊዜ ነው ብሎም ደመደመ። ቩንት በ1879 በላይፕሲሽ ባቋቋመው ላቦራቶሪ ውስጥ የሴኮንድን አንድ ሺሕኛ የሚለካ የሂፕ ሰዓት ለዚሁ ሥራ አገልግሏል።

ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ተመራማሪው ሙከራውን ከማድረጉ በፊት ፕሮግራም ጸሓፊ መሆን ግድ ሆነበት። ይህን ድካም ለማቃለል ዋልተር ሽናይደር በ1988 «ሜል» የተባለውን ፕሮግራም ለአይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተር አቀረበ። በ1993 ደግሞ ለማኪንቶሽ የተሠራው «ሳይስኮፕ» ተከተለ። ጆናታን ፒርስ በ2007 በጽሑፍ ያስተዋወቀው «ሳይኮፓይ»፣ በ2012 የወጣው የማቶት «ኦፕንሰሰሚ»ም ያለ ዋጋ የሚገኙና ማንም ሰው ሊያሻሽላቸው የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ገንዘብ የሌለው ተማሪ እንኳ የራሱን ሙከራ ሊያዘጋጅ ይችላል።

በኢትዮጵያም የዚህ ዓይነት ሥራ ተሠርቷል። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ከ2002 ጀምሮ ኦሮሚያን ጨምሮ በ20 ቦታዎች 3,000 ያህል ሕፃናትን ተከታትሏል። በ2013 በኢትዮጵያና በፔሩ «ሬሰር» በተባለ፣ በጣት በሚነካ ስክሪን የሚሠራ ፕሮግራም የልጆች ትውስታና ራስን የመግታት ችሎታ ተመረመረ።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። በሸነን ገጠር ከብት ሲጠብቅ ያደገ፣ ስክሪን ነክቶ የማያውቅ ልጅ ቢዘገይ፣ የዘገየው አእምሮው ነው ወይስ ጣቱ? አንድ ቁጥር ብቻ ቢወሰድ፣ ያልለመደው ልጅ እንደ ደካማ ይቈጠር ነበር። «ሬሰር» ግን ለልጁ ቀላሉንም ከባዱንም ሥራ ይሰጠውና ልዩነቱን ያያል። የጣቱ መዘግየት በሁለቱም ሥራዎች ስለሚገኝ በንጽጽሩ አብዛኛው ይጣፋል። ይህም ዶንደርስ የጀመረው የመቀነስ ዘዴ መሆኑ ግልጥ ነው።

መቀነስ ግን ሁሉን አያስተካክልም። ትእዛዙ በአማርኛ ቢነገርና ልጁ የሚያውቀው ኦሮምኛ ብቻ ቢሆን፣ ከባዱን ሥራ የሚያሳስተው አለመረዳቱ ነው፤ ይህንንም የሴኮንድ ሺሕኛ አይገልጠውም። ፕሮግራሙ ጊዜን ይጠብቃል፤ ፍትሕን መጠበቅ ግን የተመራማሪው ድርሻ ነው።

እስካሁን እኛ በብዛት ተመርማሪዎች ነበርን። ነጻ ፕሮግራሞች በእጃችን ስላሉ፣ የልጆቻችንን ቋንቋና ኑሮ የምናውቅ ተማሪዎች ጥያቄውን ራሳችን ማዘጋጀት ይገባናል እንላለን።