ስለ አንተና ስለ አንቱ፤ ልሳን በማዕርግና በጾታ እንዴት እንደ ተለወጠ

በዚህ የኢዮቤልዩ በዓል ሌሎች ስለ ደብሩ ሕንጻና ስለ ንዋየ ቅድሳቱ ይጽፋሉ። እኔ ግን በዚሁ ሕንጻ ውስጥ ዕለት ዕለት ስለሚነገሩት ሁለት ልሳናት፤ ስለ ግዕዝና ስለ አማርኛ ጥቂት ለመናገር አሰብሁ።

ግዕዝ ከሕዝብ አፍ ወጥቶ በመጽሐፍና በመቅደስ ከጸና በኋላ፤ በ13ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ አማርኛ ልሳነ ንጉሥ ሆነ። ለዐፄ ዓምደ ጽዮን (በፈረንጅ ቍጥር 1314–1344) የተገጠሙት የወታደር ግጥሞች ከቀደምት የአማርኛ ጽሑፎች ይቈጠራሉ። በዐፄ ሱስንዮስም ዘመን (1607–1632) የሮም ካህናት ሕዝቡን በአማርኛ ቢያስተምሩ፤ ሊቃውንቶቻችን በዚያው ልሳን መለሱላቸው። ግዕዝ ለማያውቃቸውም ድምፆች ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ በፊደል ገበታ ተጨመሩ።

ግዕዝ ለንጉሥም ለነዳይም አንተ ይላል። አማርኛ ግን በቤተ መንግሥት ያደገ ልሳን ነውና አንቱንና እርስዎን ለክብር ለየ። እርስዎ የሚለው ቃል ርእስ ከሚለው ግዕዝ የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ራስ ማለት ነው። ዛሬ አንቱ በገጠር አረጋውያን አፍ ሲቀር፤ በከተማ እርስዎ ሰፍቷል። ብዙ ልጆችም አባታቸውን አንተ፤ እናታቸውን አንቺ ይላሉ፤ አያት ይህን ሲሰማ ያዝናል።

በጾታም ነገር እንዲሁ ነው። ግዕዝ ወንዶችን አንትሙ፤ ሴቶችን አንትን ይላል፤ ወንዶች ሲመጡ መጽኡ፤ ሴቶች ሲመጡ መጽኣ ይላል። አማርኛ ግን ለሁሉም እናንተ፤ ለሁሉም መጡ ይላል። እርስዎም ቢሆን ጳጳሱንና ባልቴቲቱን አይለይም። ስለዚህ በትንሣኤ ወንጌል መልአኩ በመቃብሩ አጠገብ ለቅዱሳት አንስት ሲናገር፤ ግዕዙን የሰማ የሚነገራቸው ሴቶች እንደ ሆኑ ከግሱ ያውቃል። በአማርኛ የሰማ ግን ከታሪኩ ካልተረዳው ግሱ አይነግረውም። የመምህራችን ትርጓሜ የሚያስፈልገው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

በጸሎት ጊዜ ግን አማርኛ ወደ አባቱ ሥርዓት ይመለሳል፤ እግዚአብሔርን አንተ፤ እመቤታችንን አንቺ ይላልና። ለሹም እርስዎ ስትል የዋለች እናት፤ ማታ በፈጣሪዋ ፊት ቆማ አንተ ትላለች። ይህ ድፍረት አይደለም፤ የልጅነት ሥልጣን ነው እንጂ።

እንግዲህ ከወጣቶቻችን አንዳንዶች ግዕዝ ይቅር፤ ከሽማግሌዎቻችንም አንዳንዶች አማርኛ ወደ መቅደስ አይግባ ሲሉ እሰማለሁ። አማርኛ የሚያስረዳንን ያህል ግዕዝ የሚያስጠነቅቀን አለና፤ አንዱን ብናጣ በሌላው ያለውን አናስተውለውም። ስለዚህ በዚህ ኢዮቤልዩ የደብራችን ወንዶችም ሴቶችም ልጆች በቄስ ትምህርት ቤት ግዕዙን እንዲማሩ፤ ያነበቡትንም በአማርኛ እንዲተረጕሙ እንትጋ።

አምላከ አበው ልሳናችንን ይባርክ፤ አሜን።