አዝማሪ ቤት

አዝማሪ ቤት በአዲስ አበባና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ሰው ተሰብስቦ የባህል ዘፈን የሚሰማበት፣ አብሮም የሚያዜምበት የምሽት ቤት ነው። ዋናው መሣሪያ ማሲንቆ ነው፦ አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ በቆዳ የተለበጠ ባለ አራት ማዕዘን ገበቴ፣ ደጋን። ክራርና ከበሮም ይታከላሉ።

የቤቱ ነፍስ ግጥም ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ይልና ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ መልሶ፣ ቀጣዩን እስኪቀበል በማሲንቆው ይጠብቃል። አዝማሪው ራሱም የእንግዳውን ስም፣ አገርና አለባበስ አይቶ ወዲያው ይገጥማል። የስንኙ ወርቅ፣ ማለትም ስውር ትርጉሙ፣ የገባው ቀድሞ ይስቃል፤ ሌላው ጎረቤቱን ይጠይቃል። አዝማቹን ቤቱ በሙሉ በጭብጨባ ይቀበላል፣ እስክስታው ይከተላል፣ የሽልማቱ ብርም በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጠፋል። ያለ ታዳሚው ዘፈኑ ግማሽ ነው።

ብዙዎቹ አዝማሪዎች ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ የመጡ ናቸው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው ምሽቱን አጥብቦት ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቤቶቹ በተለይ በአዲስ አበባው ካዛንቺስ ሰፈር በረከቱ። ከእነርሱ መካከል ፈንድቃ በተወዛዋዡ መላኩ በላይ መሪነት የባህል ማዕከል እስከ መሆን ደርሷል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር ሰፈር ሲፈርስ ከተማዋ የዜማ ሰፈሯን አጥታለች፤ ጉዳቱ በሕንፃ የሚካካስ አይደለም።

ከጎንደር በመተማ በኩል ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ሲታለፍም ዜማው ባዕድ አይሆንም። የሱዳን ዘፈንም እንደ ኢትዮጵያ ቅኝቶች ትዝታና ባቲ በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ሱዳናውያኑ ድምፃውያን መሐመድ ወርዲና ሰይድ ኸሊፋ አረብኛ በማይሰሙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሳይቀር ተወዳጅ ናቸው።