ዓለም አቀፍ የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል፦ ምንነቱ፣ ተሞክሮውና ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ያለው ፋይዳ

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርዕሰ ከተማ አሶሳ ኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም ዘጠነኛውን የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ማስተናገዷ ይታወሳል። በዚህ መሰሉ በዓል የየብሔረሰቡ አልባሳት፣ ሙዚቃና ውዝዋዜ ጎልተው ይቀርባሉ። የበርታዎች መታወቂያ የሆነው ዙምባራም ከአደባባይ አይጠፋም። ይሁንና የአንድ ሕዝብ ቋንቋ በዘፈንና በጭፈራ ብቻ ተወስኖ በውይይትና በሥነ ጽሑፍ መድረክ ካልተሰማ፣ ቋንቋው ተመልካች አገኘ እንጂ አድማጭ አገኘ ለማለት ያዳግታል።

ይህንን ክፍተት ለመሙላት በበርካታ አገሮች ሥራ ላይ ከዋሉት ዘዴዎች አንዱ ዓለም አቀፍ የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል ነው። ይህ ጽሑፍ የፌስቲቫሉን ምንነትና አሠራር፣ የዓለምንና የአገራችንን ተሞክሮ እንዲሁም አምስት ነባር ብሔረሰቦች በሚኖሩበት ክልል ውስጥ ሊሰጥ የሚችለውን ጥቅምና የሚጠይቀውን ዝግጅት ይዳስሳል።

የፌስቲቫሉ ምንነት

የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል ደራስያን፣ ተርጓሚዎች፣ አሳታሚዎችና አንባቢዎች ለተወሰኑ ቀናት በአንድ ከተማ ተገናኝተው ስለ መጻሕፍትና መጻሕፍቱ ስለሚያነሷቸው ጉዳዮች በአደባባይ የሚነጋገሩበት ዝግጅት ነው። ከመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ የሚለየው ዋና ዓላማው ሽያጭ ባለመሆኑ ነው። ከምሁራን ጉባኤ የሚለየው ደግሞ ለባለሙያዎች ሳይወሰን ለማንኛውም ነዋሪ ክፍት በመሆኑ ነው።

የዝግጅቱ ምሰሶዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ደራሲው ከአንድ አወያይ ጋር ተቀምጦ ስለ ሥራው የሚናገርበት፣ ከድርሰቱ ጥቂት ገጾች የሚያነብበትና ከታዳሚው ጥያቄ የሚቀበልበት የደራሲ ቆይታ ነው። ሁለተኛው የተለያየ አመለካከት ያላቸው ሰዎች በአንድ ርዕሰ ጉዳይ ላይ ሐሳብ የሚለዋወጡበት ሕዝባዊ ውይይት ነው። በሁለቱም ለታዳሚው ጥያቄ በቂ ጊዜ መያዝ የመድረኩ መሠረታዊ ደንብ ነው። ታዳሚው የሚጠይቅበት ጊዜ ከሌለ መድረኩ ወደ ንግግር ማሰሚያነት ይለወጣል። ከእነዚህ በተጨማሪ የግጥም ምሽት፣ የጀማሪ ጸሐፍት ሥልጠና፣ በትምህርት ቤቶች የሚደረግ የደራስያን ጉብኝትና የተረት ሰዓት በመርሐ ግብሩ ይካተታሉ።

ፌስቲቫሉን ዓለም አቀፍ የሚያሰኘው ከውጭ አገር እንግዳ መምጣቱ ብቻ አይደለም። ዋናው መስፈርት እንግዳውና ነዋሪው በትርጉም አማካይነት ተደማምጠው ሐሳብ መለዋወጣቸው ነው።

የዓለምና የአፍሪካ ተሞክሮ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 የተጀመረው የኤዲንብራ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ፌስቲቫል በዘርፉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። በ1988 የተጀመረው የሄይ ፌስቲቫል ግን ለአነስተኛ ከተሞች የተሻለ ትምህርት ይሰጣል። ሄይ ኦን ዋይ በዌልስና በእንግሊዝ ወሰን ላይ የምትገኝ፣ ነዋሪዎቿ ከሁለት ሺህ የማይበልጡ ትንሽ ከተማ ናት። ፌስቲቫሉ ከመጀመሩ በፊት በአሮጌ መጻሕፍት መደብሮቿ ትታወቅ ስለነበር፣ አዘጋጆቹ የጀመሩት ከተማዋ ከነበራት ሀብት ነው። በሕንድ በ2006 የተጀመረው የጃይፑር ፌስቲቫል ደግሞ በአገሪቱ ቋንቋዎች የሚጽፉ ደራስያንን በእንግሊዝኛ ከሚጽፉት ጎን በማቅረብ ይታወቃል።

በአፍሪካ የቋንቋ ጉዳይ ከመነሻው አከራካሪ ነበር። በ1962 በኡጋንዳ ማካሬሬ የተካሄደው የአፍሪካ ጸሐፍት ጉባኤ የተጠራው በእንግሊዝኛ ለሚጽፉት ነበር። በዚያን ጊዜ ተማሪ የነበሩት ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በጉባኤው ተሳትፈዋል። በአፍሪካ ቋንቋዎች ብቻ የሚጽፉ ደራስያን ከጉባኤው ውጭ መቅረታቸውን ኋላ ላይ በጽሑፋቸው ክፉኛ ተችተዋል። ከዚያ በኋላ በጥር ወር 2000 በአሥመራ የተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ስለ አፍሪካ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፎች አሥር ነጥቦች ያሉት መግለጫ አውጥቷል። መግለጫው የአፍሪካ ቋንቋዎች ስለ አህጉሪቱ የመናገር ኃላፊነት እንዲወስዱ፣ ሕፃናትም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የመማር መብታቸው እንዲከበር ይጠይቃል።

ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ በቅርበት የሚታየው ተሞክሮ በ2008 የተጀመረው የሐርጌሳ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ትርኢት ነው። ሐርጌሳ በ1988 በጦርነት ክፉኛ የተጎዳች ከተማ ነበረች። የሶማልኛ ቋንቋ በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ የጀመረውም በ1972 ነው። በመሆኑም አዘጋጆቹ የያዙት ረጅም የቃል ግጥም ባህልና አጭር የጽሕፈት ዕድሜ ያለው ቋንቋ ነበር። የቃል ገጣሚዎችን ከልቦለድ ጸሐፍት እኩል በመድረክ ማስቀመጣቸው፣ ከአፍሪካ አገሮች እንግዶችን መጋበዛቸውና ወጣቶችን በበጎ ፈቃደኝነት ማሰለፋቸው ዝግጅቱን በምሥራቅ አፍሪካ ታዋቂ አድርጎታል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ብዙ የታተመ መጽሐፍ አለመኖሩ መድረክ ለመክፈት እንቅፋት አይሆንም።

በኢትዮጵያ ያለው መሠረት

በአገራችን ለዚህ ዓይነቱ መድረክ መሠረት የሚሆኑ ተቋማት ከተፈጠሩ ረጅም ጊዜ ሆኗቸዋል። ወመዘክር በመባል የሚታወቀው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም ተቋቁሟል። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርም በ1952 ዓ.ም ተመሥርቷል። ከቅርብ ጊዜያት ወዲህ በወመዘክር አዳራሽ ሲካሄድ የቆየው የመጻሕፍት ውይይት፣ በ2003 ዓ.ም የተጀመረው ጦቢያ ግጥም በጃዝ እና ከ2007 ዓ.ም ወዲህ የታየው ንባብ ለሕይወት የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ ሕዝቡ ለአደባባይ ሥነ ጽሑፍ ያለውን ፍላጎት አሳይተዋል። በ2014 ዓ.ም የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ለመሰል ዝግጅቶች ሰፊ ቦታ ፈጥሯል።

ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ደራስያንም በዓለም መድረኮች እየታወቁ መጥተዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ ዋዜማ በተካሄደው የዓለም ገጣሚያን ስብሰባ ገጣሚ በዕውቀቱ ሥዩም ኢትዮጵያን ወክለው ተገኝተዋል። የደራሲ መዓዛ መንግሥቴ ልቦለድም በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

ከላይ የተጠቀሱት መድረኮች ሁለት የጋራ ባሕርያት አሏቸው። በአብዛኛው መቀመጫቸው አዲስ አበባ ነው፤ በዋነኝነት የሚሰማባቸው ቋንቋም አማርኛ ነው። ከርዕሰ መዲናዋ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚኖረው የአሶሳ አንባቢ ርቀቱ የመንገድ ብቻ ሳይሆን የቋንቋም ነው።

የክልሉ ሀብት

በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ ቁጥር 784 ሺህ ያህል ነበር። ከዚህም ውስጥ በርታ ሩብ ያህሉን፣ ጉሙዝ ደግሞ 21 በመቶ ገደማውን ይይዙ ነበር። የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞን ነባር ብሔረሰቦች አድርጎ ያውቃቸዋል። አማራ፣ ኦሮሞ፣ አገውና ሌሎች ሕዝቦችም በክልሉ ይኖራሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው።

የነባሮቹ ብሔረሰቦች ቋንቋዎች ከአንድ ግንድ የተገኙ አይደሉም። በርታ፣ ጉሙዝና ኮሞ በናይሎ-ሰሃራዊ፣ ሺናሻ ደግሞ በኦሞአዊ የቋንቋ ቤተሰብ ይመደባሉ። የበርታና የጉሙዝ ተናጋሪዎች በሱዳንም ይገኛሉ። በሸርቆሌ፣ በባምባሲና በፆሬ መጠለያ ጣቢያዎች ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞች ኖረዋል። ስለዚህ በአሶሳ የሚዘጋጅ ፌስቲቫል ዓለም አቀፍ ለመሆን እንግዳን ከሩቅ ማስመጣት አያስፈልገውም። ከወሰኑ ማዶና ማዶ ያለው ታሪክና ቋንቋ ራሱ በቂ መነሻ ነው።

ጽሕፈትን በተመለከተ ለበርታ፣ ለጉሙዝና ለሺናሻ ቋንቋዎች በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተ የአጻጻፍ ሥርዓት ተዘጋጅቷል። ከ2000 ዓ.ም ገደማ ጀምሮም በመጀመሪያ ደረጃ ዝቅተኛ ክፍሎች ትምህርት መስጫነት ውለዋል። የበርታና የጉሙዝ ቃላት በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተፈቱባቸው መዝገበ ቃላትም ታትመዋል። ከዚህ ባሻገር ያለው የሥነ ጽሑፍ ሀብት በአብዛኛው በቃል የተያዘ ነው። ተረቱ፣ እንቆቅልሹ፣ የትውልድ ሐረጉና የሽምግልና ንግግሩ የሚገኘው በአረጋውያን አንደበት ነው። ኢጣሊያዊው የታሪክ ተመራማሪ አሌሳንድሮ ትሪውልዚ የአሥራ ዘጠነኛውን ምዕተ ዓመት የቤላ ሻንጉል ታሪክ በጻፉ ጊዜ ከሰነዶች ጎን የአካባቢውን አረጋውያን የቃል ምስክርነት በምንጭነት ተጠቅመዋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብ የተማረ ሕፃን ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ በዚያው ቋንቋ የሚያነበው ካላገኘ፣ ያገኘው ችሎታ እየላላ ይሄዳል። አረጋዊው የያዘው ተረት ደግሞ የሚጽፈው ካላገኘ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል። አንደኛው አንባቢ ሆኖ መጽሐፍ ያጣል፤ ሌላው መጽሐፍ የሚሆን ቃል ይዞ ጸሐፊ ያጣል። የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል ዋና ፋይዳ እነዚህን ሁለት ሰዎች ማገናኘቱ ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

የመጀመሪያው ጉዳይ የመድረኩ ቋንቋ ነው። ውይይቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ከተካሄደ የቋንቋዎቹ ባለቤቶች በመክፈቻው ዕለት ጨፍረው የሚመለሱ አጃቢዎች ሆነው ይቀራሉ። ስለሆነም የደራሲ ቆይታው ተናጋሪው በሚመርጠው ቋንቋ ተካሂዶ ወደ አማርኛ የሚተረጎምበት፣ የአማርኛው ንግግርም በተራው ወደ ብሔረሰቦቹ ቋንቋዎች የሚመለስበት አሠራር ያስፈልጋል። ለዚህም አስተርጓሚዎችን አስቀድሞ ማሠልጠን የግድ ይላል።

ሁለተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ይጠብቃል። በቃል የተላለፈ ተረት ግን የአንድ ሰው ድርሰት ባለመሆኑ በቀላሉ ባለቤት አልባ መስሎ ሊታይ ይችላል። ተራኪው ከመቀረጹ በፊት ፈቃዱን መጠየቅ፣ በኅትመቱ ላይ የተራኪውንና የማኅበረሰቡን ስም ማስፈር፣ ቅጂውንም ለአካባቢው ትምህርት ቤት መስጠት ተገቢ ነው።

ሦስተኛው ሰላም ነው። ከ2011 ዓ.ም ወዲህ በካማሽና በመተከል ዞኖች በደረሱ ግጭቶች በርካታ ዜጎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፣ ከቀያቸው ተፈናቅለዋል፤ የትምህርት ሥራም ተስተጓጉሏል። ሥነ ጽሑፍ የጸጥታንና የፍትሕን ሥራ አይተካም። ሆኖም ሰዎች የደረሰባቸውን በራሳቸው ቋንቋ የሚናገሩበትና ሌላው ወገን በትዕግሥት የሚያዳምጥበት መድረክ ለመተማመን የሚያበረክተው ድርሻ ቀላል አይሆንም። ይህ እንዲሆን ተናጋሪው በተናገረው ነገር ጉዳት እንደማይደርስበት ሊተማመን ይገባል።

የአስፈጻሚ አካላት ድርሻ

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንደሚኖራቸው፣ አንቀጽ 39 ደግሞ እያንዳንዱ ብሔረሰብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 41 ለኪነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ ማድረግን የመንግሥት ኃላፊነት ያደርገዋል። በ2012 ዓ.ም የጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲም ለአገሪቱ ቋንቋዎች ልማት ማዕቀፍ ሆኗል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2022 እስከ 2032 ያሉትን ዓመታት የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ዐሥርት ብሎ መሰየሙም ለዓለም አቀፍ ትብብር በር ይከፍታል።

ከዚህ በመነሳት የሥራ ክፍፍሉን ማመላከት ይቻላል። የባህልና ቱሪዝም ዘርፍ ተራኪዎችንና ጸሐፍትን መመዝገብ፣ የትምህርት ዘርፍ የየቋንቋው መምህራንንና ተማሪዎችን ማሳተፍ፣ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ አወያዮችንና አስተርጓሚዎችን ማሠልጠንና ቅጂዎችን ማኖር፣ የክልሉ መገናኛ ብዙኃን ደግሞ ውይይቶቹን አዳራሽ ላልገባው ሕዝብ ማድረስ ይችላሉ። የክረምቱ ዝናብ በአካባቢው ረዘም ያለ በመሆኑ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለዝግጅቱ አመቺ ነው። አጀማመሩም በመጠን ቢሆን ይመረጣል። በአንድ ዓመት በሁለት ቋንቋዎች የሚካሄድ የሁለት ቀናት መድረክ፣ በዓመቱ ሳይደገም ከሚቀር ትልቅ ድግስ የበለጠ ፍሬ ይሰጣል።

የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም በክልሉ ጉባ ወረዳ መመረቁ የአገርንና የዓለምን ዓይን ወደ አካባቢው ስቧል። የሚመጣው እንግዳ ከግድቡ ጋር የሕዝቡንም ቃል ይዞ እንዲመለስ ማድረግ በአሁኑ ጊዜ የሚጠበቅ ተግባር ነው። የዚህም ስኬት የሚለካው በተጋበዙት እንግዶች ብዛት ሳይሆን፣ መድረኩ በተዘጋ ማግስት አንድ የጉሙዝ ወይም የኮሞ ተማሪ በእጁ በሚያገኘው፣ የአያቱ ስም በተጻፈበት መጽሐፍ ነው።