ጣፋጭ ነገር ከማን ጓሮ ይመጣል? ከቀፎ እስከ ወንጂ፣ ከወንጂ እስከ ቀበሌ ሰልፍ

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ካናዳ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ሐዋሳ መጥታ ነበር። ከሻንጣዋ አንድ ጠርሙስ አውጥታ ለእናቴ ሰጠቻት። ጠቆር ያለ ማር ይመስላል፤ ሲቀዳ ግን ከማር ይቀጥናል። እናቴ በጣቷ ቀመስ አደረገችና "ማር ነው እንዴ?" አለች።

"አይ አክስቴ፣ የዛፍ ውኃ ነው። ጎረቤታችን ከጓሮው ዛፍ ቀድቶ፣ ራሱ አፍልቶ ነው የሚሠራው።"

እናቴ ሳቀች። "ከጓሮ ዛፍ? ታዲያ እኛ ይህን ሁሉ ዘመን ለስኳር የተሰለፍነው ምን ሆነን ነው?"

ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ለቀልድ ቢነገርም የታሪክ ጥያቄ ነው። ጣፋጭ ነገር ከጓሮ የሚገኝበት ዘመን እኛም ነበረን። እንዴት ከጓሮ ወጥቶ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌም ወደ ውጭ ምንዛሪ ወረፋ ሄደ? ዛሬ ይህን እንነጋገር።

በመጀመሪያ የጠርሙሱ ነገር። ዛፉ ሜፕል ይባላል፤ በካናዳ ባንዲራ ላይ ያለው ቀይ ቅጠል የእሱ ነው። ክረምታቸው ሊያበቃ ሲል፣ ሌሊቱ በረዶ ቀኑ ደግሞ ሞቅ ማለት ሲጀምር፣ በግንዱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይንቀሳቀሳል። ያኔ ግንዱን ጥቂት ሴንቲ ሜትር በስተው ትንሽ ቧንቧ ይሰኩበትና ከሥሩ ባልዲ ያንጠለጥላሉ። የሚንጠባጠበው ውኃ የሚመስል ፈሳሽ ነው፤ ከመቶ 2 እጅ ገደማ ብቻ ስኳር አለው። ያንን እሳት ላይ ጥደው ለሰዓታት ያፈሉታል። 40 ሊትር ፈሳሽ ተንኖ 1 ሊትር ሽሮፕ ይወጣዋል። ዘዴውን ነጮቹ የተማሩት ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ነው።

ሐዋሳ ላይ ይህ አይሆንም። ሌሊቱ በረዶ ካልሠራ ዛፉ አይንጠባጠብም፤ የእኛ ከተማ ደግሞ በረዶ የሚሠራ ሌሊት የላትም። ከግንድ መቅዳት ለአገራችን እንግዳ ነው ማለት ግን አይደለም፤ አፋሮች ከዘንባባ ፈሳሽ ቀድተው መጠጥ ያደርጉታል። ይሁን እንጂ የእኛ ዋናው የዛፍ ጣፋጭ በሌላ መንገድ ነው የሚመጣው። ዛፉ ያብባል፣ ንብ ትቀስማለች፣ ቀፎው ዛፉ ላይ ይሰቀላል። የዋንዛው፣ የብሳናው፣ የግራሩ፣ በሲዳማ ደግሞ የቡናው አበባ ማር ይሆናል። የካናዳው ገበሬ በእንጨትና በእሳት የሚያተንነውን ውኃ፣ እኛ ዘንድ ንቧ በክንፏ ታተነዋለች።

🔹 ማር በቤተ መንግሥት

ማር በዚህች አገር ምግብ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠው ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበቡት ይላል ትውፊቱ፤ ስሙንም ንብ ንግሥናውን ዐወቀለት ብለው ይፈቱታል። ሰሙ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ፣ ወለላው ለጠጅ ነበር። ጠጅ ደግሞ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነው፤ ጭሰኛው ጠላውን ይጠጣል።

እዚህ ላይ ራሳችንን አንሸንግል። "ድሮ ማር በየጓሮው ሞልቶ ነበር" ብሎ መናፈቅ ቀላል ነው። ቀፎው የገበሬው ቢሆንም ማሩ ሁልጊዜ የገበሬው አልነበረም። ማር ከግብር ዓይነቶች አንዱ ነበር፤ በጉንዶ እየተሰፈረ ወደ ጌታው ቤት ይሄዳል። በገባር ሥርዓት ዘመን የደቡብ ገባርም ከእህሉና ከጉልበቱ ሌላ ማር ያገባ ነበር። ንቡን የሚጠብቅ፣ ሌሊት ዛፍ ላይ ወጥቶ እየተነደፈ የሚቆርጥ አንድ ሰው፣ ጠጁን የሚጠጣ ሌላ ሰው። ስለዚህ ከጓሮ መገኘት ብቻውን ነፃነት አይደለም።

አንድ ነገር ግን እውነት ነው። ለግብር ከሄደው የተረፈው እዚያው ቤት ይቀራል። ለአራስ፣ ለታማሚ፣ ለእንግዳ ብርዝ ይሆናል። ስኳር ከመስፋፋቱ በፊት ቡናውም በጨው ወይም በቅቤ ይጠጣ ነበር፤ በገጠር ዛሬም እንዲሁ የሚጠጣ አለ። ስኳር ስለጠፋ ቡና ቀረ የሚል ቤት አልነበረም።

🔹 "የሸንበቆ ማር"

ስኳር ራሱ ወደ እኛ አካባቢ የመጣው የማርን ስም ለብሶ ነው። ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት አንድ የግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ንግድ የጻፈው ማስታወሻ አለ፤ አዱሊስንና አክሱምን የሚጠቅሰው ያው ጽሑፍ ነው። ከሕንድ ወደ አፍሪካ ቀንድ ጠረፍ የሚመጡትን ዕቃዎች ሲዘረዝር ከስንዴ፣ ከሩዝና ከቅቤ ጋር "ከሸንበቆ የሚገኝ ማር" ያስገባል። በማር ስም ጠራው።

ከዚያ በኋላ ስኳር ለብዙ መቶ ዓመታት በነጋዴ ጭነት የሚመጣ ብርቅ ዕቃ ሆኖ ቆየ። ነገሩ የተለወጠው በወንጂ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ ትልልቅ የስኳር እርሻዎች ነበሩት። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ሌላ አገር ፈለገ፤ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ወደ አዋሽ ሸለቆ መጣ። የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በቀን 1,400 ኩንታል ስኳር ያመርት ነበር። የሸዋው በ1955 ዓ.ም.፣ የመተሐራው ደግሞ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተከተሉ።

የወንጂን ውለታ መካድ አይቻልም። የአገሪቱ ዘመናዊ ኢንዱስትሪ አንዱ መነሻ ነው፤ ብዙ ሠራተኛ ቴክኒክ ተምሮበታል፣ ማኅበር መደራጀትንም ያየበት ነው። ሻይ በስኳር የከተማ ሰው ቁርስ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ዋጋውን የከፈሉትስ እነማን ናቸው? ወንጂ የጅሌ ኦሮሞዎች የግጦሽና የእርሻ መሬት ነበር። መተሐራ የከረዩዎች የበጋ ግጦሽና የአዋሽ ውኃ መጠጫቸው ነበር። በሸንኮራው አጥር ውጭ ቀሩ። ሠራተኛው ደግሞ ፍሎራይድ የበዛበትን የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ጠጥቶ ጥርሱ በለዘ፤ ለብዙ ዓመት የጠጣው አንገቱንና ወገቡን ማጠፍ አቃተው። ሐኪሞች ያጠኑትና የጻፉበት ጉዳይ ነው። እኛ ሻይ ስናማስል ይህን አናስብም።

🔹 ስኳር የመንግሥት ጉዳይ ሲሆን

በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ ተወረሱ። ከዚያ በኋላ ስኳር ማለት ቀበሌ ማለት ሆነ። ካርድ፣ ሰልፍ፣ ዘንቢል። "ስኳር መጣ" ሲባል ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ወረፋ ይይዝ ነበር። ሥርዓቱ ቢለወጥም ሰልፉ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ስሙ ሸማቾች ሆነ እንጂ።

ቀጥሎ ትልቁ ሕልም መጣ። በ2003 ዓ.ም. ስኳር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በ2007 ዓ.ም. የስኳር ምርቱን 2.25 ሚሊዮን ቶን አድርሶ፣ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላይ ወደ ውጭ ለመላክ አሰበ። ተንዳሆ፣ ኩራዝ፣ በለስ፤ ስሞቹን ሁላችንም በዜና እንሰማ ነበር። 2007 አለፈ። ፋብሪካዎቹ ዘገዩ፣ የግንባታ ውል ተቀማ፣ ሸንኮራው መሬት ላይ ያለ መፍጫ አርጅቶ የቀረበት ቦታም አለ። ላኪ እንሆናለን ያልነው አስመጪ ሆነን ቀረን። እናቴ "ስንት ዘመን ተሰለፍን" ስትል ይህን ሁሉ ማለቷ ነው፣ በአኃዝ ባትናገረውም።

🔹 የጄፈርሰን ችግኞች

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1791 ፊላደልፊያ ውስጥ ቤንጃሚን ረሽ የሚባል ሐኪም ለቶማስ ጄፈርሰን ስለ ሜፕል ዛፍ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። በዚያን ጊዜ የዓለም ገበያ ስኳር በአብዛኛው የሚመጣው ከካሪቢያን ደሴቶች ነው፤ ሸንኮራውን የሚቆርጡት ደግሞ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ናቸው። የረሽ ሐሳብ ቀላል ነበር፦ እያንዳንዱ ገበሬ ከራሱ ዛፍ፣ ከቤተሰቡ ጋር ስኳር ከሠራ የባሪያ ስኳር ገዢ ያጣል። ጄፈርሰን ሐሳቡን ወደደው፤ ችግኝ አስመጥቶ ርስቱ ላይ ተከለ። አብዛኞቹ ደረቁ። ተካዩም ራሱ የባሪያ ጌታ ነበር። የጓሮው ስኳር የሸንኮራውን ስኳር አላሸነፈም፤ የደሴቶቹ ሰዎች ነፃ የወጡት በሌላ ትግል ነው።

ሜፕል ግን አልሞተም። ዛሬ ከዓለም የሜፕል ሽሮፕ ከሁለት ሦስተኛው በላይ የሚመጣው ከአንዲት የካናዳ ክፍለ ሀገር፣ ከኩቤክ ነው። ዛፉ ከሌላው ቦታ ስለበለጠ አይደለም፤ አምራቾቹ ስለተደራጁ ነው። ማኅበር አቋቋሙ፣ የጋራ ሽያጭ፣ የጥራት ደረጃ፣ በኋላም ምርት የሚከማችበት የጋራ መጋዘን አበጁ። በትርፍ ዓመት ያስቀምጣሉ፣ በጎደለ ዓመት ያወጣሉ። ከዛፉ ፈሳሽ ሌላ የተቀላቀለበት ነገር በሕግ የሜፕል ሽሮፕ ተብሎ አይሸጥም። መጋዘኑ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ ይህ ይበቃል፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ሌቦች 3,000 ቶን ገደማ ሽሮፕ እንደ ሰረቁ ታወቀ። በርሜሉን በውኃ እየሞሉ ነበር የሚመልሱት!

🔹 ወደ ሐዋሳ ስንመለስ

ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀዳሚዋ የማር አምራች ናት። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ሆለታ ላይ የንብ ምርምር ማዕከል አለን። እ.ኤ.አ. በ2008 የአውሮፓ ኅብረት ማር ከሚያስገቡ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ጻፈን። ንብን ከመርዝ የሚጠብቅ አዋጅም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ሆኖም ወደ ውጭ የሚሄደው ማር ከምርቱ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ጠጅ ይሆናል። ምርቱም በብዛት የሚገኘው አያቶቻችን ከሚያውቁት ዓይነት ቀፎ ነው።

የሚያሳዝነው ሌላው ነው። በ1950ዎቹ ከጓሮ ማር ጋር የተፎካከረው ስኳር ዛሬ ማሩ ውስጥ ገብቷል። ገበያ ላይ ማር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስኳር የለበትም?" ብሎ ነው። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይባል ነበር፤ አሁን ማር ሲሰፍሩ መሐላ ሆነ። ቀላቃዩ የሚያተርፈው የአንድ ቀን ሂሳብ ነው፤ የሚያከስረው ግን የታመነውን አናቢ ሁሉ ነው። ኩቤኮች መጀመሪያ የዘጉት ይህንን በር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ዛፉ ነው። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. በራስ መንገሻ ሥዩም ዘመን ስትቆረቆር ሰፊ ግቢ የነበራት ከተማ ናት። ዋርካው፣ ግራሩ፣ በኋላም አቮካዶውና ማንጎው የየቤቱ ነበሩ። አሁን ግቢው ይከፈላል፣ ዛፉ ይቆረጣል፣ መሬቱ በሲሚንቶ ይሸፈናል። በጓሮ ቀፎ የሚያስቀምጥ ሰው ከጎረቤት ጋር ይጣላል፤ ጎረቤቱም ልጁ ስትነደፍ ዝም እንዲል አይጠበቅም። ከከተማ ወጣ ሲሉ ደግሞ ለአረምና ለተባይ የሚረጨው መድኃኒት አበባ ላይ ያለችውን ንብ አይመርጥም። ማታ ረጭቶ ለአናቢው አስቀድሞ መንገር ብቻ ብዙ ቀፎ ያተርፋል፤ ይህን ለማድረግ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም።

ስኳር ፋብሪካ ይዘጋ አላልኩም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ የሆነ ሕዝብ ሻዩን በማር አይጠጣም፤ ማሩም አይበቃም፣ ዋጋውም አይቀመስም። የምለው ሌላ ነው። ላለፉት 70 ዓመታት ጣፋጭ ነገር ሲታሰብ መንግሥት ዓይኑ የሚሄደው ወደ ግድብ፣ ወደ ሰፊ መሬትና ወደ ብድር ነው። ቀፎው የድሃ ነገር፣ የጎን ሥራ ተደርጎ ታየ። ለአንድ ፋብሪካ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለማር መመርመሪያ፣ ለአናቢዎች ማኅበር መጋዘንና ለአበባ ዛፍ ችግኝ ቢውል ኖሮ ዛሬ ቢያንስ ማራችንን ያለ መሐላ እንገዛ ነበር።

ታሪኩ እንደሚነግረን ጣፋጩ ከጓሮ መምጣቱ ብቻ አይበቃም። በጉንዶ ተሰፍሮ ወደ ጌታ ቤት ሲሄድም ከጓሮ ነበር የሚመጣው። ቁም ነገሩ የሚሠራው ሰው ዋጋውን ለመወሰን ተደራጅቷል ወይ የሚለው ነው።

የአክስቴ ልጅ ስትመለስ እናቴ አንድ ጣሳ የይርጋለም ማር ቋጠረችላት። ከማስረከቧ በፊት ግን ክዳኑን ከፍታ ሁለት ጊዜ ቀመሰችው። የምታውቀው ሰው ነው የሸጠላት፤ ቢሆንም ቀመሰችው።

እናንተስ ባላችሁበት አካባቢ ማር ከማን ነው የምትገዙት? እንዴትስ ነው የምታምኑት? ጻፉልን። ቸር እንሰንብት።