ሌሊት የሚፈካው ሐረግና የጎማ ጥበብ

ፀሐይ ስትጠልቅ ነጭ አበባውን ዘርግቶ፣ ሌሊቱን የእሳት ራት ሲያስተናግድ አድሮ፣ ሲነጋ የሚከደነው የጨረቃ አበባ፣ በመካከለኛው አሜሪካ ምድር የዓይን ጌጥ ብቻ ሳይሆን የታላቅ ኪነ ጥበብ ረዳት ነበረ። የአገሩ ሰዎች የጎማውን ዛፍ ልጥ በጥተው የሚያንጠባጥበውን ወተት መሳይ ፈሳሽ ከዚህ ሐረግ ጭማቂ ጋር ሲያማስሉት፣ በጥቂት ደቂቃ ረግቶ፣ ኳስ አድርገው የሚያድቦለቡሉት የሚነጥር ጎማ ይሆንላቸው ነበር። በሜክሲኮ በኤል ማናቲ ምንጭ ጭቃ ውስጥ መባእ ሆነው የተገኙት ኳሶች ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ1600 ዓመት ገደማ የተሠሩ ናቸውና፣ ቻርልስ ጉድይር በፈረንጆች 1839 ጎማን በድኝ ካጠነከረበት ዘመን ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ይቀድማሉ፤ የእነዚያ ጠቢባን ስም በመዝገብ አለመጻፉ እጅግ ያሳዝናል። ሐረጉን ሊያበቅል የሚወድ አንባቢ፣ ቅርፊቱ ጽኑ ነውና፣ ዘሩን በሞረድ ጥቂት ፍቆ፣ ለብ ባለ ውኃ አንድ ሌሊት ዘፍዝፎ ይትከል።